ጽዋ የያዘ ሰው አይሄድም

እኛ የገንዳ ውሃ ሰዎች አዲስ ጫማ ለገዛ ሰው «በጤና ቅደደው» አንልም። «ወዴት ነው?» እንላለን።

ደገኛ ጎረቤቱን የሚጠረጥረው ዶሮው ስትጠፋ ነው። እኛ ዶሮዋ ቆጥ ላይ ተቀምጣ እያየናት እንጠረጥራለን። ድንበር አጠገብ መኖር ይህን ያስተምራል። መተማ ዮሐንስ በመኪና ቅርባችን ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሱዳኗ ገላባት ናት፤ ከገላባት ወዲያ ደግሞ እግዜር ያውቃል። ስለዚህ እዚህ ፍየሉን ያለ በዓል የሸጠ፣ ፀጉሩን ያለ ወትሮው የተቆረጠ፣ የጎረቤት ልጅ አጥብቆ የሳመ ሰው ሁሉ በዓይን ይጠበቃል። ሱዳን ከተረበሸች ወዲህ እንኳ፣ ሰዉ ጓዙን ተሸክሞ ከወዲያ ወደዚህ በሚሻገርበት በዚህ ጊዜ፣ ልማዳችንን አልተውንም። የሚመጣውን ትተን የሚሄደውን እንፈልጋለን። «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ያለው ሰው የየት አገር ሰው እንደሆነ አላውቅም፤ ግን እዚሁ አጠገባችን ሽንፋ ወይም ኮኪት ዘመድ ሳይኖረው አይቀርም።

እኔ ደግሞ ከሁሉም እብሳለሁ። ጎሚስታ ነኝ፤ የትራክተር፣ የባጃጅና ሰሊጥ የጫነ መኪና ጎማ እለጥፋለሁ። ጎማ ሠሪ ሳይጠረጥር እንጀራ አይበላም። ባለ መኪናው «ቀዳዳው ይኸው እዚህ ጋ ነው» ብሎ በጣቱ ሲያሳየኝ፣ እሺ እለውና ጎማውን በሙሉ ውሃ ውስጥ እነክረዋለሁ። አረፋው ሁልጊዜ የሚወጣው በሌላ በኩል ነው። በዚህ ላይ የቅዱስ ሚካኤል ማኅበራችን ሙሴ፣ ማለትም አለቃው ነኝ፤ እንግዲህ ሰባት ዓመት ሙሉ ማኅበር የመራ ሰው ስለ ሰው ልጅ ምን እንደሚያስብ እናንተው ገምቱ።

ከሱቄ ጀርባ፣ በቆርቆሮ አጥር ተለይተን፣ እትዬ ጥሩ ከልጃቸው ከደብሬ ጋር ይኖራሉ። ደብሬ የእንግሊዝኛ መምህርት ናት፤ ረጋ ያለች፣ ስትሄድ አቧራ የማታስነሣ ልጅ። እትዬ ጥሩ ሌላም ልጅ ነበራቸው። «ነበራቸው» ስል እኔው ራሴ እደነግጣለሁ፤ «አላቸው» ልበል እንዴ? ደሳለኝ ይባላል። አንድ ክረምት መግቢያ ላይ «ኮኪት ለአረም ሥራ ደርሼ እመጣለሁ» ብሎ ወጣ። ኮኪት አልደረሰም። ገላባት ላይ ያየው ሰው አለ። ካርቱም ላይ አየሁት ያለ ሰው ነበር። ከዚያ ወዲህ አየሁት ያለ የለም። ተዝካር አውጡለት ብለው የመከሯቸውን ቄስ እትዬ ጥሩ ከደጃፋቸው መለሷቸው፤ ቄሱም ዳግመኛ ያን ነገር አላነሡም።

ቆላ ውስጥ ጭንቅላት የሚሠራው ፀሐይ ሳትበረታ ነው። ደብሬም ማለዳ ማለዳ ከአጥሩ ወዲያ ተቀምጣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታጠናለች። ድሮ እንግሊዝኛ ነበር፤ ለምደነዋል። ባለፈው ዓመት ግን ቋንቋው ተለወጠብኝ። ሁሉም ቃል «ቶ» እያለ የሚጨርስ ሆነ። ጆሮዬን ከቆርቆሮው አስጠጋሁ። ጣሊያንኛ ነው! እኔ በጣሊያንኛ አልታማም፤ ጎሚስታ ራሱ ጣሊያንኛ ነው፤ ካቻቪቴም እንዲሁ። ግን መፍቻና ጎማ ሌላ፣ ይኼ ሌላ። «ፓርቲቶ፣ አሪቫቶ፣ ሞርቶ» ትላለች፤ ትንሽ ዝም ትልና ደግሞ ከመጀመሪያው ትደግመዋለች። ገንዳ ውሃ ላይ ሆና፣ ወንድሟ ወደ ሊቢያና ወደ ባሕሩ በሚወስደው በዚያ መንገድ ጠፍቶ፣ አንዲት ልጅ በማለዳ ጣሊያንኛ የምታጠናው ለምንድን ነው? እስቲ እናንተ ብትሆኑ?

ሰሊጥ ሊጭን የመጣ አንድ አሮጌ ሹፌር ነበር፤ ወጣትነቱን አሥመራ የጨረሰ። ጎማውን እየለጠፍኩ እንደዋዛ ጠየቅኩት።

«ፓርቲቶ? ሄደ ነው» አለኝ። «አሪቫቶ ደረሰ። ሞርቶ ደግሞ፣ በአንተ አይድረስና፣ ሞተ።»

ሄደ፣ ደረሰ፣ ሞተ። የሊቢያ መንገድ ታሪክ ይኸው ነው፤ ከእነዚህ ቃላት በላይ የነገረን ሰው የለም። መዶሻው ከእጄ ወደቀ፤ ሹፌሩም ጎማው የፈነዳ መስሎት ዘሎ ተነሣ።

ከዚያ በኋላ ምልክቱ ተደራረበ። ደብሬ ፎቶ ቤት ገብታ ጉርድ ፎቶ ተነሣች። ደብሬ ጠንካራ ጫማ ገዛች። ደብሬ ከሐጂ ኑሩ ሱቅ ዚፕ ያለው ሻንጣ ይዛ ስትወጣ አየኋት። ሐጂ ኑሩን ሄጄ ወጥሬ ያዝኳቸው።

«ያ ዙል፣ አንተ ሰው፣ ሻንጣ የገዛ ሁሉ ይጠፋል እንዴ?» አሉኝ እየሳቁ። «እኔ ወላሂ ዕድሜዬን ሙሉ ሻንጣ መሐል ኖሬ ይኸው እዚሁ አለሁ።»

«እርስዎማ ሻጭ ነዎት» ብያቸው ወጣሁ።

በማግሥቱ እትዬ ጥሩ ራሳቸው መጡ። ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ከቤት እምብዛም አይወጡም። አሮጌ ጎማ ላይ ነጠላ አንጥፌ አስቀመጥኳቸው።

«ይርጋ፣ ጧት ጧት የምትለውን ሰማህ?»

«ምን ትላለች?» አልኩ፤ እንዳልሰማ።

«ተወኝ እባክህ! ጆሮህ ከአጥሩ አይነሣም አይደል? ጎንደር ደርሼ እመጣለሁ አለችኝ።»

መዶሻዬን መሬት ላይ አስቀመጥኩ።

«ያም እኮ ደርሼ እመጣለሁ ነበር ያለኝ። ሁለተኛውን አልችለውም ይርጋ። አንጀቴ አንድ ነው፤ ተቃጥሎ አልቋል። አንተው ያዝልኝ።»

ደመወዝ የምትበላ መምህርት በምን ትያዛለች? በገመድ አይሆንም። ሽማግሌ ልላክ ብል «የት ልሄድ ነው?» ብላ ትስቅብናለች። ሌባና ተጓዥ ሲጠይቁት አያምንም። እኔ ግን ከሰው የበለጠ የሚይዝ ነገር እንዳለ ትዝ አለኝ።

ማኅበር የምትጠጡ ታውቁታላችሁ፤ ለማትጠጡት ልንገራችሁ። በወሩ ሚካኤል ከተበላ ከተጠጣና ቄሱ ከባረኩ በኋላ ጽዋው ለሚቀጥለው ወር ደጋሽ ይሰጣል። ተረኛው ብድግ ብሎ በሁለት እጁ ይቀበላል፤ እኛም እየዘመርን እስከ ቤቱ እንሸኘዋለን። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጽዋው እሱ ቤት ነው፤ እሱም የጽዋው ነው። ጌሾው ይወቀጣል፣ ብቅሉ ይፈጫል፣ ሰዉ «ድግሱ እንዴት ነው?» እያለ በየመንገዱ ይጠይቀዋል። የታመመ ሰው ጽዋ ይዞ ሲድን አይተናል። ጽዋ ይዞ ድንበር የተሻገረ ግን በእኛ አገር ተሰምቶ አይታወቅም። ሚካኤልን የሚያህል እንግዳ ጠርቶ ማን ቤቱን ይዘጋል?

ደብሬ ማኅበሩን የምትጠጣው በእናቷ ቦታ ነው። ተራዋ ሩቅ ነበር። የኅዳሩ፣ ታላቁ ሚካኤል፣ የአለበል ተራ ነው፤ አለበል ደግሞ ሰሊጡን አጭዶ ነዶውን በየሂላው፣ በየክምሩ፣ አቁሟል፤ ነዶው ደርቆ ሲጨርስ ሳይወቃ ከዋለ ፍሬው መሬት ላይ ነው የሚረግፈው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ከየት ይመጣል? አንድ በአንድ ማኅበርተኛውን አነጋገርኩ። ከደብሬ በቀር ሁሉም አወቀ፤ ሁሉም «እኔም ጠርጥሬ ነበር» አለኝ።

የጥቅምት ሚካኤል ዕለት አለበል ተነሥቶ የሰሊጡን ነገር አስረዳ። እኔም ጉሮሮዬን ጠርጌ «እንግዲህ የኅዳሩን ደብሬ ትቀበልልን» አልኩ። ልጅቷ አመድ መሰለች።

«ጋሼ፣ የኅዳሩን? የኅዳር ሚካኤል እኮ... አይመቸኝም።»

«ሚካኤል አይመቸኝም ይባላል?»

ቄሱም አዩአት፣ ሴቶቹም አዩአት። ደብሬ ቀስ ብላ ተነሣችና ጽዋውን ተቀበለች፤ እጇ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኛ እርስ በርሳችን ተያየን። ንጹሕ ሰው ጽዋ ሲሰጡት ይንቀጠቀጣል? ወጥመዱ ያዘ፤ እየዘመርን ሸኘናት።

በማግሥቱ ማለዳ ጣሊያንኛው አልተሰማም። በእሱ ፋንታ ደብሬ ራሷ ሱቄ በር ላይ ቆማለች።

«ጋሼ፣ ሆን ብላችሁ ነው አይደል?»

«ምኑን?»

«ጽዋውን። የኅዳር ሚካኤል ዕለት ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሁለተኛ ዲግሪ መመረቂያ ጽሑፌን የማቀርብበት ቀን ነው። በስንት መከራ ያገኘሁት ቀን ነው፤ ካለፈኝ ያ ሁሉ ድካም ገደል ገባ። ጽዋውንም መመለስ አልችል፤ ምን ላድርግ?»

ፎቶው፣ ሻንጣው፣ ጫማው ሁሉ ለዚያ ነበር አለችኝ። መልስ ያለው ሰው ይበልጥ ያጠራጥረኛል። «የመመረቂያው ጽሑፍ ስለ ምንድን ነው?» አልኩ፤ ካመነታች ያዝኳት ማለት ነው።

አላመነታችም። «ጣሊያንኛ፣ ፈረንሳይኛ፣ ስፓኒሽ ሁሉም የላቲን ልጆች ናቸው። ያለቀን ድርጊትና ያላለቀን ድርጊት በምን በምን እንደሚለዩ ነው የማጠናው። ሰሊጡ ታጭዶ ካለቀ አንድ አነጋገር አላቸው፤ ሲታጨድ ከነበረ ሌላ።»

«ይኼንማ እኛም እንለያለን።»

«እንለያለን እንጂ። እነሱ የሚለዩበትን መንገድ ነው የማየው።»

«ሄደ፣ ደረሰ፣ ሞተ የምትይውስ?»

ደነገጠች፤ ከዚያ ሳቀች። «አቤት! በአጥር አዳምጠው አስተረጎሙት? ጋሼ፣ ጣሊያን ‹በላሁ› ሲል ‹የተበላ አለኝ› እንደማለት ነው የሚለው። ‹ሄድኩ› ሲል ግን ‹የሄድኩ ነኝ› ይላል። መሄድ፣ መድረስ፣ መወለድ፣ መሞት ለብቻቸው ናቸው፤ በላዬ ላይ የደረሱ ያህል ‹ነኝ› ይባልባቸዋል። እነሱን ነበር የማጠና።»

«እሺ፤ ይኼን ሁሉ በገንዳ ውሃ ሙቀት ምን አስጀመረሽ?»

ሳቋ ጠፋ። «እናቴ ስለ ደሳለኝ ስታወራ ሰምተው ያውቃሉ? ‹ደሳለኝ› ትልና ዝም ትላለች፤ ዓረፍተ ነገሩን አትጨርሰውም። ‹ሄደ› ብትል ያለቀ ይሆንባታል። ‹ይሄዳል› እንዳትል የት? እኔም እንደሷው ነኝ። ምናልባት በሌላ ሰው ቋንቋ ቦታ ይኖረው ይሆናል ብዬ ነው የጀመርኩት።»

«አገኘሽለት?»

«አላገኘሁም ጋሼ።»

አንጀቴን በላችው፤ ልዋሻችሁ አልፈልግም። ደግ ሰው ቢሆን እዚያው ላይ ይለቃት ነበር። እኔ ግን ደላላም ሲያለቅስ አይቻለሁ። «ለእናትሽ ይኼን ሁሉ ነግረሻቸዋል?» አልኳት።

«ጎንደር ደርሼ እመጣለሁ ብያታለሁ።»

«እሱን አላልኩም። ፈተናውን፣ ቀኑን፣ ሁሉን።»

«ባይሳካስ? ሳይፈጸም ማውራት ደግ አይደለም።»

እንግዲህ ተመልከቱ፤ እኛ ስለጠረጠርናት እሷ ደበቀችን፣ እሷ ስለደበቀችን እኛ ጠረጠርናት። እጄን ታጠብኩና ይዣት ወደ እናቷ ገባሁ። ሁሉንም ተናገረች፤ እትዬ ጥሩ ዓይናቸውን ከፊቷ ሳይነቅሉ ሰሟት። ስትጨርስ ፍርዳቸውን ሰጡ።

«በል እንዲህ ይሁን። ጽዋውን እኔ እይዛለሁ፤ ድግሱንም በዚህ ጉልበቴ እንደምንም እወጣዋለሁ። አንተ እሷን ያዝ። አብረሃት ሂድ፤ አብረሃት ተመለስ።»

እንዲህ ሆኖ ነው እንግዲህ እኔ ጎሚስታው የላቲን ልጆችን ልሰማ ጎንደር የወጣሁት። አይከል ላይ ሻይ ልጠጣ ብላ ወረደች፤ ወረድኩ። አዘዞ ላይ ስልኳ ጮኸ፤ ከማን እንደሆነ ጠየቅኩ። ጎንደር ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት ገባች፤ ቤቱ የኋላ በር እንዳለውና እንደሌለው ዞሬ አየሁ። ፈተናው ክፍል ውስጥ አጎቷ ነኝ ብዬ ከኋላ ተቀመጥኩ፤ ከበሩ አጠገብ።

ሁሉም ነገር በእንግሊዝኛ ነበር። ከአዲስ አበባ የመጣ አንድ መነጽራም መርማሪ ወንበሩ ላይ ተለጥጦ ይጠይቃታል፤ ፊቱን አልወደድኩትም፤ ጎማው ደህና ሆኖ ሳለ «ቀይርልኝ» የሚል ደንበኛ ፊት ነው። እሷ ትመልሳለች፣ እሱ ያቋርጣታል፣ እንደገና ትቀጥላለች። አንድ ቦታ ላይ «ማኪያቶ» ስትል ሰማሁ። መርማሪዎቹ በሙሉ ሳቁ፤ እኔም የሚታዘዝልን መስሎኝ ተቃናሁ። ምንም አልመጣም። በመጨረሻ መነጽራሙ ተነሥቶ ጨበጣት፤ ጭብጨባም ሆነ። ያኔ ነው ትንፋሼ የወጣው።

በአውቶቡስ ስንመለስ ማኪያቶውን አስረዳችኝ። የተነካ፣ ጠብታ ያረፈበት ማለት ነው አለችኝ፤ ወተቱ ጠብ ማለቱ አልቆ ምልክቱ ስኒው ውስጥ የቀረ። ጌላቶም የበረደ ማለት ነው። ይኸው ስንት ዘመን ያለቀ ድርጊት ስንጠጣና ስንልስ ኖረን ማንም ሳይነግረን!

እትዬ ጥሩ ድግሱን በሰው እጅም በራሳቸው እጅም ተወጥተውታል። እኛ ስንደርስ በር ላይ በርጩማ አስወጥተው ተቀምጠው ነበር። መጀመሪያ ያዩት እኔን ነው፤ ከኋላዬ እስክትመጣ እኔን ብቻ ያዩ ነበር። ከዚያ ልጃቸውን ሲያዩ «ሚካኤል አምጥቶልኛል» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ማኅበሩ ሁሉ ለጥርጣሬው በተሸማቀቀ ነበር። አላበቃም። ያ መነጽራም ሰውዬ ጽሑፏን ወስዶ ወዲያ ወዲህ አሳይቶላት ኖሮ፣ ከፋሲካ በኋላ ደብሬ ሱቄ መጣች።

«ጋሼ፣ ለከፍተኛ ትምህርት ተቀበሉኝ።»

«እነማን?»

«ጣሊያኖች።»

ከተማው ምን እንዳለ ልንገራችሁ? «ብለን አልነበረም?» ነው ያለው። አለበል ሳይቀር በኩራት ተንጠራራ። እኔም ብሆን፣ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ ደስ አለኝ፤ የጠረጠሩት ነገር እውነት ሲሆን እንዴት እንደሚጣፍጥ የቀመሰው ያውቀዋል። ደስታዬ ግን ደብሬ «ለእናቴ እርስዎ ይንገሩልኝ» እስክትል ድረስ ነበር።

«እኔማ አሳሪሽ ነኝ። ራስሽ ንገሪያቸው።»

አብሬያት ግን ገባሁ። እትዬ ጥሩ ምስር እየለቀሙ ነበር። ደብሬ ከተማውን፣ ትምህርቱን፣ የምትቆይበትን ጊዜ፣ የምታድርበትን ቤት ሳይቀር አንድ በአንድ ነገረቻቸው። እኔ ቢወድቁ ልይዛቸው ከጎናቸው ቆሜያለሁ። እጃቸው ምስሩ ላይ ቆመ።

«በየት በኩል ነው የምትሻገሪው?»

«ከጎንደር በአውሮፕላን ነው እማዬ። መተማንም አላያት።»

«ባሕሩስ?»

«ከላዩ ነው የማልፈው።»

ምስሩን መልቀም ቀጠሉ፤ «መንገድ ላይ የምትበይው ምን ልሥራልሽ?» ብቻ አሏት።

ደብሬ ክረምቱ ሲወጣ ሄደች። መናኸሪያ ድረስ ሸኘናት፤ እናቷ አላለቀሱም፤ እኔ ይህንንም ጠረጠርኩ። ልጁ የሄደበት ሰው ቤት መቀመጥ ልማዳችን ነውና ከሰዓት በኋላ ማኅበርተኛው እትዬ ጥሩ ቤት ተሰበሰበ። ሴቶቹ እንደወጉ «እግዜር ያጽናዎት» አሏቸው።

እትዬ ጥሩ ቀና ብለው አዩን። «ምን ሁኜ ነው የምጽናና? ይችኛዋ ነግራኝ ነው የሄደች።»

ካሉ በኋላ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አደረጉና አለቀሱ። ደሳለኝ ከወጣ ወዲህ፣ በእነዚያ ሁሉ ዓመታት፣ ማናችንም እንዲያ ሲያለቅሱ አይተናቸው አናውቅም። አንዲት እንግዳ ሴት «አይዞዎት፣ ደብሬ ትመለሳለች» ልትል አፏን ስትከፍት አጠገቧ ያለችው ጉልበቷን ያዘቻት። ቤቱ ሙሉ ተጠራጣሪ ነበር፤ ለማን እንደሚያለቅሱ ግን የጠየቀ ሰው አልነበረም።